ሃች አክት፦ የአሜሪካ ፌዴራል ሠራተኞች ስለ ፖለቲካ ተሳትፎ ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች፣ በፖስታ ቤትና በቪኤ (የቀድሞ ወታደሮች) ሆስፒታሎች ለሚሠሩ አማርኛ ተናጋሪዎች የተዘጋጀ፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሃች አክት ምን የሚል ሕግ ነው?

የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ሥልጣኑን፣ የሥራ ሰዓቱንና የመሥሪያ ቤቱን ንብረት ለፓርቲ ፖለቲካ እንዳያውል የሚከለክል ሕግ ነው። ስሙን ያገኘው ከኒው ሜክሲኮው ሴናተር ካርል ሃች ሲሆን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የፈረሙት ኦገስት 2 ቀን 1939 ነው። መነሻው የ1938ቱ ምርጫ ነበር። ያኔ ደብሊው ፒ ኤ በሚባለው የመንግሥት የሥራ ፕሮግራም ውስጥ ኬንታኪን በመሳሰሉ ስቴቶች ሠራተኞች ለእጩ እንዲያዋጡና እንዲቀሰቅሱ ተገደዋል የሚል ክስ በብዛት ተሰማ።

ዛሬ በሥራ ላይ ያለው በአብዛኛው የ1993ቱ ማሻሻያ ነው። ከዚያ በፊት ሠራተኛው በእረፍት ቀኑም ቢሆን ለእጩ መቀስቀስ አይችልም ነበር። አንድ አንጋፋ ባልደረባ «ከፖለቲካ እጅህን ሰብስብ፣ ምንም አይፈቀድልህም» ቢልዎት ተሳስቷል፤ ግን አይፍረዱበት፤ የሚነግርዎት የድሮውን ሕግ ነው።

ስለ ጄኔሪክ መድኃኒት ሲወራ የሚነሳው «ሃች» ይሄው ሕግ ነው?

አይደለም። ያኛው ሃች-ዋክስማን የሚባለው የ1984 ሕግ ነው። ያወጡት የዩታው ሴናተር ኦሪን ሃችና የካሊፎርኒያው የምክር ቤት አባል ሄንሪ ዋክስማን ናቸው፤ የፈረሙት ደግሞ ፕሬዚዳንት ሬገን። ኦሪን ሃች የካርል ሃች ዘመድ አይደሉም። ኢንተርኔት ላይ «ሃች አክት» ብሎ የሚፈልግ ሰው ሁለቱን ቀላቅሎ ስለሚያገኝ ግን ጥያቄው አያባራም።

ሃች-ዋክስማን ስለ ውድድር ነው። ከእርሱ በፊት የታወቀ መድኃኒት አስመስሎ መሥራት የሚፈልግ ኩባንያ መድኃኒቱ እንደሚያድንና እንደማይጎዳ በሰው ላይ ሞክሮ እንደ አዲስ ማስረዳት ስለሚጠበቅበት ብዙዎቹ አይደፍሩትም ነበር። ሕጉ ይህን አሳጠረው፦ ጄኔሪኩ ውስጥ ያለው ዋና ንጥረ ነገርና መጠኑ ከመጀመሪያው መድኃኒት ጋር አንድ ከሆነ፣ ደም ውስጥ የሚገባበት ፍጥነትና መጠንም ተመጣጣኝ መሆኑ ከታየ ይበቃል። የፈጠራው ባለቤት በልዋጩ ፈቃድ በመጠበቅ ከባከነበት የፓተንት ዘመን እስከ 5 ዓመት ድረስ ይመለስለታል። ፓተንቱን በመጀመሪያ የተጋፈጠው ጄኔሪክ አምራች የ180 ቀን ብቸኛ ገበያ ሊያገኝ ይችላል። ባለፓተንቱ ጄኔሪክ አምራቹ የሚልክለት ማስታወቂያ በደረሰው በ45 ቀን ውስጥ ከከሰሰ ደግሞ የጄኔሪኩ ፈቃድ እስከ 30 ወር ሊታገድ ይችላል። «ፓተንቱ ያለፈበት መድኃኒት ለምን አሁንም ጄኔሪክ የለውም?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ብዙ ጊዜ ያለው እዚህ ክርክር ውስጥ ነው፤ አንድ መድኃኒት ከአንድ በላይ ፓተንት ሊኖረው ይችላልና።

ሁለቱ ሕጎች የሚገናኙበት ሰው ግን አለ። በግል ፋርማሲ የሚሠራ ፋርማሲስት የሚያውቀው ሃች-ዋክስማንን ብቻ ነው። የቪኤ ሆስፒታል ፋርማሲስት ወይም መድኃኒት በሚቆጣጠረው በኤፍዲኤ የጄኔሪክ ማመልከቻ የሚመረምር ባለሙያ ግን በአንዱ ሃች ይሠራል፣ በሌላው ሃች ይተዳደራል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ስለ 1939ኙ ነው።

እኔን ይመለከተኛል?

ደመወዝዎን የሚከፍልዎ የፌዴራሉ መንግሥት አስፈጻሚ አካል ከሆነና ሲቪል ሠራተኛ ከሆኑ፣ አዎ። ፕሬዚዳንቱና ምክትላቸው ብቻ ነጻ ናቸው። የትርፍ ሰዓት ሠራተኛ፣ የሙከራ ጊዜውን ያልጨረሰ፣ ፈቃድ ላይ ያለ፣ ያለ ደመወዝ ፈቃድ የወጣም ቢሆን ሕጉ አብሮት ነው። የፖስታ ቤት ሠራተኞች እንደ ግል ድርጅት የሚቆጠሩ የሚመስላቸው አሉ፤ እነርሱም በሕጉ ውስጥ ናቸው።

ኤርፖርት ላይ ነገሩ ይደበላለቃል። የቲኤስኤ ፈታሽ ፌዴራል ሠራተኛ ነው። ዊልቸር የሚገፋ፣ ፓርኪንግ የሚሠራ፣ የአየር መንገድ ወይም የግል ጥበቃ ኩባንያ ተቀጣሪ የሆነ ግን አይደለም። ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ፍተሻውም ራሱ የሚሠራው በግል ኩባንያ ሠራተኞች ነው። በጥቅሉ የኮንትራክተር ተቀጣሪዎች፣ ጠረጴዛቸው ፌዴራል ሕንፃ ውስጥ ቢሆንም፣ በሃች አክት አይያዙም፤ አሠሪው ኩባንያ የራሱ ደንብ እንዳለው ግን መጠየቅ አለባቸው።

በኮንግረስና በፍርድ ቤቶች የሚሠሩ የራሳቸው ደንብ አላቸው። በሥራ ላይ ያለ ወታደርም የሚተዳደረው በመከላከያ ሚኒስቴሩ መመሪያ ነው፤ በጦር ሠፈር ውስጥ የሚሠራ ሲቪል ሠራተኛ ግን በሃች አክት። የዋሽንግተን ዲሲ ከተማ ሠራተኞች ከ2012ቱ ማሻሻያ ወዲህ እንደ ስቴትና ካውንቲ ሠራተኞች ይታያሉ፤ በተጨማሪ ከተማው የራሱ ተመሳሳይ ሕግ አለው።

ታዲያ ምን ማድረግ ይፈቀድልኛል?

ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ብዙ ነገር። ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ከመንግሥት ሕንፃ ውጭ፣ ያለ ዩኒፎርም፣ በራስዎ ስልክና መኪና እስከሆነ ድረስ፦ ለሚፈልጉት እጩ መቀስቀስ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ በር ማንኳኳት፣ ሰልፍ መውጣት፣ መድረክ ላይ ቆሞ መናገር፣ ግቢ ውስጥ የእጩ ምልክት መትከል፣ የፓርቲ አባል መሆንና በፓርቲው ውስጥ ኃላፊነት መያዝ፣ ለእጩ መመዝገቢያ ፊርማ መስጠት፣ ከኪስዎ መለገስ ይቻላል። በምርጫ ቀን ፈቃድ ወስደው የምርጫ ጣቢያ ሠራተኛ መሆንም እንዲሁ።

በማኅበረሰባችን ውስጥ ደግሞ ማንንም ሳይደግፉ ሰውን ለመራጭነት ማስመዝገብ ሁልጊዜ ክፍት የሆነ በር ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጠረጴዛ ዘርግቶ የመመዝገቢያ ቅጽ ማስሞላትን ሃች አክት አይከለክልም። ጠረጴዛው ላይ የአንድ እጩ በራሪ ወረቀት ከተቀመጠ የፓርቲ ሥራ ሆነ ማለት ነው፤ ያም ለአብዛኛው ሠራተኛ በእረፍት ሰዓቱ የተፈቀደ ነው፤ ቀጥሎ የምናነሳቸው ጥብቅ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ለሚሠራ ግን ክልክል።

የሥራ ቦታ ላይ የሚከለከለው ምንድን ነው?

አራት ነገሮችን ያስታውሱ፦ ሥራ ላይ ሲሆኑ፣ መንግሥት ሕንፃ ውስጥ ሲሆኑ፣ ዩኒፎርም ወይም የመሥሪያ ቤት መለያ ሲለብሱ፣ የመንግሥት መኪና ውስጥ ሲሆኑ። ከእነዚህ አንዱ ብቻ ከተሟላ የፓርቲ ቅስቀሳ ክልክል ነው። ብዙ ሰው የሚሰናከለው በምሳ ሰዓት ነው። ምሳ ላይ ነዎት፣ ደመወዝ አይከፈልዎትም፣ ስልኩ የራስዎ ነው፤ ግን ሕንፃው ውስጥ ነዎት። ስለዚህ በዚያች ደቂቃ ለእጩ 25 ዶላር መላክም የእጩን ፖስት ላይክ ማድረግም ጥሰት ነው። ወጥተው መንገድ ማዶ ካፌ ውስጥ ቢያደርጉት ምንም አይደለም።

የፖስታ ዩኒፎርም ለብሶ ከሥራ ሲመለሱ የቅስቀሳ ስብሰባ ላይ ጎራ ማለትም ያው ነው፤ ጃኬት ደርበው ምልክቱን ይሸፍኑት ወይም ቀይረው ይሂዱ።

መኪና ላይ ስቲከር መለጠፍና መሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ማቆም ይፈቀዳል። በራስዎ መኪና በየጊዜው የመንግሥት ሥራ የሚሠሩ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ በገጠር መስመር በግል መኪናቸው ፖስታ እንደሚያድሉት፣ ሥራ ላይ ሳሉ ስቲከሩ መሸፈን አለበት። ቲሸርት፣ ኮፍያ፣ ኩባያ፣ የስክሪን ምስል፣ ሁሉም በዚሁ ሕግ ይታያሉ። ምርጫው ካለፈ በኋላ የአሸናፊውን ስም የያዘ ኮፍያ ስለማድረግ የሚሰጠው መመሪያ በ2024 ጠብቆ በ2025 እንደገና ላልቷል፤ ስለዚህ የዛሬ ሁለት ዓመት የሰሙትን ይዘው አይከራከሩ።

ስለ ፖሊሲ ማውራት አልተከለከለም። «የጤና መድኅን ዋጋ አልቻልነውም»፣ «የኢሚግሬሽን ፖሊሲው ልክ አይደለም» ማለት ይቻላል። «ስለዚህ እከሌን ምረጡ» ሲመጣ ነው መስመሩ የሚታለፈው።

ገንዘብ መስጠት ከቻልኩ መጠየቅ ለምን አልችልም?

ምክንያቱም ሕጉ የተወለደው ከዚህ ነው። መንግሥት ሠራተኛ እጁን ዘርግቶ «ለእጩዬ አዋጡ» ሲል፣ ተጠያቂው ነገ ፋይሉ በዚያ ሰው እጅ ሊገባ እንደሚችል ያስባል። ስለዚህ ለፓርቲ ወይም ለፓርቲ እጩ ገንዘብ መጠየቅ፣ መቀበል፣ ማሰባሰብ በማንኛውም ሰዓት፣ በማንኛውም ቦታ፣ ቅዳሜ ማታም ቤትዎ ሶፋ ላይም ክልክል ነው። ለሠራተኛ ማኅበራት የፖለቲካ ፈንድ የተተወች ጠባብ ክፍተት አለች፤ እርሷም የምትሠራው ያው ማኅበር አባል ከሆነና የበታችዎ ካልሆነ ባልደረባ ለመጠየቅ ብቻ ነው፤ ያውም ከሥራ ሰዓትና ከሥራ ቦታ ውጭ።

ለምሳሌ ሐበሻ እጩ ተወዳድሮ ቤት ውስጥ እራት ይደገሳል እንበል። ፌዴራል ሠራተኛው የገንዘብ ማሰባሰቢያው ጋባዥ መሆን አይችልም። ባለቤቱ ፌዴራል ሠራተኛ ካልሆነች ግን እርሷ በስሟ መጋበዝ ትችላለች፤ እርሱም በገዛ ቤቱ ተገኝቶ መብላት፣ ቡና መጠጣት፣ ከፈለገም ከኪሱ መስጠት ይችላል። መጥሪያው ላይ ስሙ በጋባዥነት አይጻፍ። «ኑና አግዙት» ብሎ ለወዳጅ የሚደውለው እርሱ አይሁን። በሩ ላይ ቆሞ ቼክ የሚቀበለውም እርሱ አይሁን። መድረክ ላይ ስለ እጩው መልካም ነገር ቢናገር ይቻላል፤ ንግግሩን «እንግዲህ እጃችሁን ወደ ኪሳችሁ» ብሎ ከዘጋው ጥሰት ሆነ። የማዕረግ ስሙም አይነሳ፤ «የእንዲህ ያለ ቢሮ ዳይሬክተር» ተብሎ ከተዋወቀ ሥልጣኑን ለምርጫ አዋለ ይባላል።

የእድር መዋጮ፣ ለታመመ ሰው የሚደረግ ጎፈንድሚ፣ የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ማሠሪያ፣ እነዚህ የፓርቲ ገንዘብ ስላልሆኑ ሃች አክት አይነካቸውም። መሥሪያ ቤት ውስጥ ገንዘብ መሰብሰብን የሚገድቡ ሌሎች ደንቦች ግን አሉ፤ የእድሩን ዝርዝር ይዞ በየጠረጴዛው መዞር አይመከርም።

ፌስቡክ፣ ቲክቶክና የቴሌግራም ግሩፕ ላይስ?

ፕሮፋይል ላይ መሥሪያ ቤትና የሥራ መደብ መጻፍ ብቻውን ችግር የለውም። በእረፍት ጊዜ፣ ከቤት፣ በግል አካውንት ስለ እጩ መለጠፍም እንዲሁ። ጥሰት የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ሰዓት ነው። ፖስቱ ላይ የተጻፈው ሰዓት ማስረጃ ስለሆነ፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ 10 ሰዓት ከ12 ላይ ሼር ያደረጉት ነገር ከፈረቃ ሰሌዳዎ ጋር ይነጻጸራል። ሁለተኛው ሊንክ ነው። የመለገሻ ሊንክ ያለበትን የፓርቲ ወይም የእጩ ፖስት ሼር ማድረግና ላይክ ማድረግ፣ እረፍት ላይም ቢሆኑ፣ ገንዘብ እንደ መጠየቅ ይቆጠራል። ሼር ከማድረግዎ በፊት ፖስቱን እስከ ታች ያንብቡት፤ ሊንኩ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው መጨረሻ ላይ ነው። ሌላ ሰው እርስዎ ገጽ ላይ እንዲህ ያለ ሊንክ ቢለጥፍ ግን ተጠያቂ አይደሉም፤ የማጥፋት ግዴታም የለብዎትም።

አለቃ የሆነ ሰው ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ለሁሉም ጓደኞቹ በሚታይ ገጽ ላይ ቢጽፍ ከአንባቢዎቹ መካከል የበታቾቹ ቢኖሩም ይፈቀዳል። የፈረቃ ልጆቹን ብቻ ይዞ በከፈተው የቴሌግራም ወይም የዋትስአፕ ግሩፕ ውስጥ «እከሌን እንምረጥ» ቢል ግን፣ እሁድም ቢሆን፣ የበታቾቹን ለይቶ እንደቀሰቀሰ ይቆጠራል።

ከቤት የሚሠራ ሰው ሥራ ላይ እስካለ ድረስ ቢሮ እንዳለ ሰው ነው። በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ከጀርባው የእጩ ፖስተር እንዳይታይም ያስተውል። በምሳ እረፍቱ ግን ቤቱ ስለሆነ በግል ስልኩ የፈለገውን መጻፍ ይችላል፤ እዚህ ላይ ከቢሮ ሠራተኛው ይሻላል። በመሥሪያ ቤት ኢሜይል የቅስቀሳ መልእክት ቢደርስዎ መክፈትዎ ጥፋት አይደለም፤ ወደ ራስዎ የግል ኢሜይል መላክም ይቻላል። ለባልደረባ መላክ ግን አይቻልም።

ግሪን ካርድ ይዤ ፖስታ ቤት እሠራለሁ። እኔንም ይመለከታል?

አዎ። ፖስታ ቤት ቋሚ ነዋሪዎችን ስለሚቀጥር ጥያቄው ብዙ ጊዜ ይነሳል። ዜግነት ባይኖርዎትም ሃች አክት ይይዝዎታል። ገንዘብ ስለ መለገስ ደግሞ የምርጫ ገንዘብ ሕጉ ለግሪን ካርድ ባለቤት ይፈቅዳል፤ በሥራ ፈቃድ ብቻ ላለ፣ ለምሳሌ የጥገኝነት ጉዳዩ ላልተወሰነለት ሰው፣ ግን ይከለክላል። ያ ሰው ገንዘቡን «በዘመዴ ስም ልላክ» ካለ ሁለቱም ችግር ውስጥ ይገባሉ፤ በሌላ ሰው ስም መለገስ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠት ደግሞ ለዜጋ ብቻ ነው፤ ያለ ዜግነት ድምፅ የሰጠ ሰው የኢሚግሬሽን ጉዳዩንም ያበላሻል።

ራሴ መወዳደር እችላለሁ?

ከፓርቲ ነጻ በሆነ ምርጫ፣ አዎ። የሲያትል ከተማ ምክር ቤት፣ የታኮማ ፓርክና የሮክቪል ከተማ ምርጫዎች፣ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቦርድ እንዲህ ናቸው። ግን ወረቀቱ ላይ «ከፓርቲ ነጻ» መባሉ ብቻውን አያድንም። እጩው የፓርቲ ድጋፍ ጠይቆ፣ በፓርቲው ስም እየተዋወቀ፣ በፓርቲው ገንዘብ ከተወዳደረ ምርጫው በእርሱ በኩል የፓርቲ ምርጫ ሆነ ሊባል ይችላል። ፓርቲዎች ናሙና የድምፅ ወረቀት እያደሉ ጣልቃ በሚገቡባቸው የትምህርት ቦርድ ምርጫዎች ላይ ይህ እውነተኛ አደጋ ነው።

እጩዎች በፓርቲ ለሚቀርቡበት ወንበር ግን ፌዴራል ሠራተኛ መወዳደር አይችልም። ያለ ደመወዝ ፈቃድ መውጣት አያዋጣም፤ ሥራውን መልቀቅ ብቻ ነው መንገዱ። ሰው የሚሳሳተው «ገና አልተመዘገብኩም» በሚለው ላይ ነው። እጩነት የሚጀምረው ከመመዝገብ በፊት፣ ድጋፍ ማሰባሰብ፣ ፊርማ ማስፈረም፣ ዌብሳይት መክፈት ሲጀመር ነው። ሥራ የሚለቁ ከሆነ ከእነዚህ በፊት ይልቀቁ።

በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖሩ አንድ ልዩ በር አለ። ፌዴራል ሠራተኛ የበዛባቸው ከተሞችና ካውንቲዎች ነዋሪያቸው ሁሉ ከምርጫ እንዳይገለል ተብሎ ተለይተው ተዘርዝረዋል፤ ሞንትጎመሪ፣ ፕሪንስ ጆርጅስ፣ አርሊንግተን፣ ፌርፋክስና አሌክሳንድሪያ ከዝርዝሩ ውስጥ ናቸው። እዚያ የሚኖር ሠራተኛ ለአካባቢው ወንበር፣ ምርጫው የፓርቲ ቢሆንም፣ በግል ተወዳዳሪነት መቅረብ ይችላል፤ ለራሱ ዘመቻም ገንዘብ ማሰባሰብ ይፈቀድለታል። በዴሞክራቶች ፕራይመሪ (ፓርቲው እጩውን በሚመርጥበት ምርጫ) ውስጥ ልግባ ካለ ግን በሩ ተዘጋ። በእነዚህ አካባቢዎች ደግሞ ወንበሩ ብዙውን ጊዜ የሚወሰነው በዚያው ፕራይመሪ ስለሆነ፣ መብቱ በወረቀት ከሚመስለው ይጠብባል።

ለስቴት፣ ለካውንቲ ወይም ለሄድ ስታርት ነው የምሠራው። እንዴት ነው?

ዋና ሥራዎ በፌዴራል ብድር ወይም ድጎማ ከሚንቀሳቀስ ፕሮግራም ጋር የተያያዘ ከሆነ የሕጉ ቀለል ያለ ክፍል ይመለከትዎታል። ሄድ ስታርት በሚባለው የሕፃናት ቅድመ ትምህርት ፕሮግራም ውስጥ የሚሠሩም፣ ድርጅቱ ለትርፍ ያልተቋቋመ የግል ድርጅት ቢሆንም፣ ይካተታሉ። ሥልጣንን ለምርጫ ማዋልና ባልደረባን አስገድዶ ማስዋጣት ክልክል ነው። መወዳደርን በተመለከተ ከ2012 በፊት ከድጎማው ጥቂት ሳንቲም የነካ ሁሉ ይታገድ ነበር፤ አሁን የሚታገደው ደመወዙ 100 በመቶ ከፌዴራል የሚከፈል ሰው ብቻ ነው። 95 ከሆነ ይወዳደራል። ስለዚህ የደመወዝ ክፍሉን የመደቡ በጀት ከየት እንደሚመጣ በጽሑፍ ይጠይቁ። የሕዝብ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ሠራተኞች ከዚህ ውጭ ናቸው።

«ጥብቅ» የሚባሉት ሠራተኞች እነማን ናቸው?

ኤፍቢአይ፣ ሲአይኤ፣ ኤንኤስኤ፣ ሲክሬት ሰርቪስ፣ የፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን፣ በፍትሕ ሚኒስቴር የወንጀልና የብሔራዊ ደኅንነት ዲቪዥኖች፣ የሙያ ከፍተኛ ሥራ አስፈጻሚዎች፣ የአስተዳደር ሕግ ዳኞችና ሌሎች ጥቂቶች። እነርሱ በእረፍት ሰዓታቸውም ከፓርቲ ወይም ከእጩ ዘመቻ ጋር ተባብረው መሥራት አይችሉም። መምረጥ፣ መለገስ፣ ስብሰባ ላይ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ፣ የራስን አስተያየት መግለጽ ይፈቀዳል። በር ማንኳኳት፣ የእጩን በራሪ ወረቀት ማደል፣ እጩው ወይም ፓርቲው የለጠፈውን ሼር ማድረግ አይፈቀድም።

የኢትዮጵያን ፖለቲካስ ይከለክላል?

ሃች አክት «ፓርቲ» ሲል የአሜሪካን ፓርቲዎች፣ «የፓርቲ ምርጫ» ሲልም የአሜሪካን ምርጫ ማለቱ ነው። የኢትዮጵያን መንግሥት መደገፍም ሆነ መቃወም፣ ዋይት ሀውስ ፊት ለፊት ሰልፍ መውጣት፣ በዩቲዩብ ስለ አገር ቤት ጉዳይ መከራከር በዚህ ሕግ አይዳኝም። ሰልፉ «ስለዚህ በኖቬምበር እከሌን እንጥለዋለን» ወደሚል ሲሻገር ግን የአሜሪካ ምርጫ ውስጥ ገብቷል። ያንንም ከሥራ ሰዓት ውጭ ማለት ይቻላል፤ በምሳ እረፍት ከፌዴራል ሕንፃው ውስጥ ሆኖ ግን አይቻልም።

ሃች አክት አለመከልከሉ ግን ነጻ ነዎት ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይዘናጋል። አንድ የውጭ አገር ፓርቲ ወይም መንግሥት ጠይቆት አሜሪካ ውስጥ በስሙ የሚቀሰቅስ ወይም ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው በውጭ ወኪሎች ምዝገባ ሕግ መመዝገብ ሊኖርበት ይችላል። እንዲህ ያለ ወኪል ሆኖ የተገኘ ፌዴራል ሠራተኛ ደግሞ እስከ 2 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ፈጽሟል። በራስ ተነሳሽነት ሐሳብን መግለጽ አንድ ነገር ነው፤ የፓርቲው የሰሜን አሜሪካ ቅርንጫፍ ገንዘብ ያዥ መሆን ሌላ። የምሥጢር ፈቃድ ያላችሁ ደግሞ ከውጭ ድርጅት ጋር ያላችሁ ግንኙነት በእድሳት ጊዜ ይጠየቃል። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተርና ሰዓትም ለአገር ቤት ፖለቲካም ቢሆን አይፈቀድም፤ ያ የመሥሪያ ቤቱ የራሱ ደንብ ነው።

አለቃዬ ራሱ «ለዚህ እጩ ሥሩ» ቢለኝስ?

አለቃው ጥሷል። አለቃ የበታቹን ለቅስቀሳ ሥራ በፈቃደኝነትም ቢሆን መጠየቅ አይችልም፤ ጥያቄው ከአለቃ ሲመጣ «ፈቃደኝነት» የሚባል ነገር የለምና። ተቋምም ይሳሳታል። በ2016 ፖስታ ቤቱ የደብዳቤ አዳዮች ማኅበር በጠየቀው መሠረት ሠራተኞች ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወጥተው ማኅበሩ ለደገፋቸው እጩዎች እንዲሠሩ አመቻችቶ ነበር፤ አንዳንድ የቅርብ አለቆች ሰው አነሰን እያሉ ከበላይ ልቀቋቸው ተብለዋል። በ2017 ሃች አክትን የሚያስከብረው ስፔሻል ካውንስል ቢሮ ይህ ሥርዓታዊ ጥሰት ነው አለ። አዳዮቹ ለእጩ መሥራታቸው አልነበረም ጥፋቱ፤ መሥሪያ ቤቱ ወገን ይዞ ማመቻቸቱ ነው።

የሚከሰው ማን ነው? ቅጣቱስ?

የሚመረምረው ስፔሻል ካውንስል ቢሮ የሚባል ነጻ መሥሪያ ቤት ነው። ፕሬዚዳንቶችን እንዲመረምሩ በዜና ከምንሰማቸው «ስፔሻል ካውንስል» አቃቤ ሕጎች ጋር ስም እንጂ ሌላ ግንኙነት የለውም። ቀላል ጥፋት በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ያልቃል፤ እጩ የሆነ ሠራተኛም ብዙ ጊዜ «ወይ ምርጫውን ወይ ሥራውን ተው» ተብሎ ጊዜ ይሰጠዋል። ከባድ ከሆነ ቢሮው ጉዳዩን የፌዴራል ሠራተኞችን ጉዳይ በሚዳኘው፣ ሜሪት ሲስተምስ በሚባለው ቦርድ ፊት ያቀርባል። ቦርዱ ከተግሳጽ እስከ ስንብት፣ ከደረጃ ዝቅ ማድረግ፣ ከፌዴራል ሥራ እስከ 5 ዓመት መታገድ፣ በሕጉ በተጻፈው መሠረት እስከ 1,000 ዶላር መቀጮ ሊወስን ይችላል። ከ2012 በፊት መነሻው ስንብት ነበር። የስቴት ወይም የካውንቲ ሠራተኛ እንዲሰናበት ተወስኖ አሠሪው እምቢ ካለ፣ ወይም ሰውየው በ18 ወር ውስጥ እዚያው ስቴት ውስጥ ከተቀጠረ፣ የ2 ዓመት ደመወዙን የሚያህል ድጎማ ሊያዝ ይችላል።

«ታዲያ ትልልቆቹ ለምን አይቀጡም?» ለሚለው፦ በሴኔት የሚጸድቁ ሹማምንትና የዋይት ሀውስ ከፍተኛ ባለሥልጣናት ጉዳይ የሚቀርበው ለፕሬዚዳንቱ ነው። በጁን 2019 ቢሮው የዋይት ሀውስ አማካሪዋ ኬሊያን ኮንዌይ ከሥራ እንዲሰናበቱ ምክረ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ፕሬዚዳንት ትራምፕ አልተቀበሉትም። በኦባማ ዘመንም የጤና ሚኒስትሯ ካትሊን ሰቤሊየስና የቤቶች ሚኒስትሩ ሁሊያን ካስትሮ ጥሰዋል ተብሎ ነበር፤ ሁለቱም ከሥልጣን አልተነሱም። ፖስታ አዳይ ወይም ነርስ ግን ቦርዱ ፊት ነው የሚቀርበው፤ «እነርሱስ?» የሚለው መከራከሪያ እዚያ አይረዳም።

ሳላደርገው በፊት ማንን ልጠይቅ?

የመሥሪያ ቤትዎን የሥነ ምግባር ቢሮ፣ ወይም ራሱን የስፔሻል ካውንስል ቢሮውን የሃች አክት ክፍል። ቢሮው ለጠየቀው ሰው ሁሉ ያለ ክፍያ ምክር ይሰጣል። በኢሜይል ይጠይቁ፣ መልሱን ያስቀምጡ። ሲጽፉ የሥራ መደብዎን፣ መሥሪያ ቤትዎን፣ የሚኖሩበትን ካውንቲ፣ ሊያደርጉ ያሰቡትን ነገር ቀንና ቦታ በግልጽ ያስቀምጡ። «በፖለቲካ መሳተፍ እችላለሁ?» ብሎ ለጠየቀ የሚመጣው መልስ አጠቃላይ ነው። «ኦክቶበር 12 ባለቤቴ ቤታችን ለምትጋብዘው የገንዘብ ማሰባሰቢያ እራት ንግግር ባደርግስ?» ብሎ ለጠየቀ ግን የሚጠቅም መልስ ይመጣል። የቅርብ አለቃዎ በቃል «ችግር የለውም» ማለቱ ቦርዱ ፊት ብዙም አያስጥልም።